ከዓይኗ ላይ የተወሰደ ይቅርታ

ልጄን ሰፈሩ ሁሉ «ምላጭ» ይላታል። ፀጉር ሠሪ ስለነበረች ብቻ አይደለም። መቀሷ ፀጉሩን ሲቆርጥ ምላሷ ባለፀጉሩን ይቆርጠው ነበር፤ ደንበኛውም ለሁለቱም ነበር የሚመጣው። አንዲት ሴት መስታወቱ ፊት ተቀምጣ «ባለፈው የሠራሽኝን ባሌ አልወደደውም» ብትላት፣ «እንግዲያው እሱን ይዘሽው ነይ፣ ጥፋቱ ከእሱ ይሆናል» ብላ መለሰችላት። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ከተው የተቀመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ይሰሟትና በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። ሱቋ ጠባብ ነበረች፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ መታጠቢያ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ወለል። እናቷ ከሞተች በኋላ ያቺ ሱቅ ናት ሁለታችንን ያኖረችን።

አንድ ጧት የሱቁን የብረት መዝጊያ ወደ ላይ ስትገፋ፣ የመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት ባለቤት መኪናውን ወደ ኋላ ነዳ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር። ኋላውን ሳያይ መጥቶ ከብረቱ ጋር አጣበቃት፤ ጭንቅላቷም ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ሕጉ የሚለውን ብሏል፤ ሰውዬው ተቀጥቶ ወጥቷል። ስለዚያ አልጽፍም። ሐኪሙ ግን እንዲህ አለኝ፦ «አእምሮዋ አልተነካም። ከአእምሮዋ ወደ ሰውነቷ የሚወርደው መንገድ ነው የተቆረጠው። ሁሉንም ትሰማለች፣ ሁሉንም ታውቃለች። መናገርና መንቀሳቀስ ግን የለም።»

የቀራት ዓይኗ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ከጨፈነች አዎ፣ ሁለት ጊዜ ከጨፈነች አይደለም፤ በዚህ ተስማማን። ያቺ ምላስ በሁለት ቃል ቀረች።

አሁን ወደ በደሉ ልምጣ፤ ከመኪናው የባሰው በደል ይሄኛው ነውና። አንድ ቀን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ ቤቴ በሰው ተሞልቶ፣ ሁሉም ተቃቅፎ ያለቅሳል። ዳቦ ጋጋሪው አልጋዋ ሥር ተንበርክኳል። ይዞት የመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ጠብ አይወድም፤ ሁለት ድመቶች ቢጣሉ መሀል ገብቶ ሁለቱም የሚቧጭሩት ሰው ነው።

«እንኳን ደስ አለህ ወንድም ዓለም!» አለኝ ጭንቅላቴን ይዞ እየሳመኝ። «ይቅር አለችው! ‹ይቅር ካልሽኝ ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ› አላት፣ ጨፈነች! እንባዋ ሁሉ ወረደ!»

እንግዶቹ ከወጡ በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ይህን ሰው ምረሽዋል?»

ሁለት ጊዜ ጨፈነች። እንደገና ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ፣ አጥብቃ፣ ሽፋሽፍቷ እስኪሸበሸብ። በሦስተኛው ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። ሂድና ንገራቸው ማለቷ ነበር።

ሄጄ ነገርኳቸው። ማን ሰማኝ? «መጥታችሁ ራሷን ጠይቋት» ብላቸው «አንዴ ምራለች፣ ለምን እናስጨንቃታለን» አሉኝ። ወንድሜ «አንተ ነህ ቂመኛው፣ በልጅቷ አታሳብብ» አለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «አባባ፣ የእርስዎ ልብ ገና ቁስለኛ ነው፣ አውቃለሁ» አለኝ። እጁን ከትከሻዬ ላይ በሁለት ጣት አንስቼ መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ የእኔ ቃል የእኔ ሆኖ ቀረ። የእሷን ቃል ከራሷ ካልሰማ የሚያምን ሰው አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ቃል የላትም።

ሰውዬውም በዚያ ይቅርታ ወፈረ። ገበያው ደራ። ዳቦ ሲሸጥ «ምላጭ እንኳ ምራኛለች» ይላል። በየጧቱ ትኩስ ዳቦ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ይልክላታል፤ በቱቦ ቀጭን ሾርባ ካልሆነ በቀር አንዳች ለማትውጥ ልጅ! ለእርግቦች እበትነው ነበር። በየሳምንቱም እየመጣ አልጋዋ ጎን ይቀመጥና ያወራል፤ ስለ ዱቄት፣ ስለ ምድጃው፣ ሰው በሰው እንደሚነሣ። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይሄኛው ግን መርሳቱ ሳያንሰው ይመረቅበት ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንገቷ ትንሽ ትንሽ መታዘዝ ጀመረ። ጭንቅላቷን የጣት ስፋት ያህል ወደ ቀኝ ማዘንበል ቻለች። ይህን ጊዜ ከአንድ ማገገሚያ ማዕከል አንዲት ባለሙያ መጣች፤ ቦርሳዋ ሽቦ በሽቦ የሆነ፣ ፈገግታ የማይጠፋባት ልጅ።

መጀመሪያ ዓይን የሚከተል ካሜራ አመጣች። የምታየውን ፊደል ካሜራው ይይዘዋል ተባለ። ነገር ግን የልጄ አንደኛው ዓይን ሽፋኑ ይወርዳል፣ ሌላኛው እንባ ያቀራል፤ ካሜራውም ግራ ገብቶት ሲቅበዘበዝ ዋለ። ባለሙያዋ ነቅላው ሌላ ነገር አወጣች። የጠርሙስ ክዳን የምታህል ቁልፍ ናት። እሷን ከዊልቸሩ የራስ መደገፊያ ጋር፣ ልክ በቀኝ ጆሮ ግንዷ ትይዩ አሠረቻት።

ሥራው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የፊደል ገበታው ይወጣል። ቢጫ ብርሃን ከሀ ጀምሮ በየረድፉ ቁልቁል ይሄዳል። የምትፈልገው ረድፍ ላይ ሲደርስ ቁልፏን በጭንቅላቷ ትነካለች፤ ብርሃኑም ያንን ረድፍ ይዞ ወደ ጎን ይሄዳል። ፊደሉ ላይ ሲደርስ ደግማ ትነካለች። አንድ ፊደል ተጻፈ ማለት ነው። ካመለጣት ዞሮ እስኪመጣ ትጠብቃለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ የገበታው ተራ ከአፌ አልጠፋም፤ አጠገቧ ቆሜ ከብርሃኑ ጋር በልቤ እቆጥር ነበር።

የመጀመሪያ ቃሏ ምን ሊሆን ነው ብለን ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ባለሙያዋ «አባዬ ልትል ነው» ብላ ሹክ አለችኝ። ሰዓቱ እየሄደ፣ ፊደሉ አንድ አንድ እያለ ተሰለፈ፦

«ፀጉሬን ማን ነው የቆረጠው»

«እኔ ነኝ ልጄ» አልኩ።

ብርሃኑ እንደገና ተነሣ። ጠበቅን።

«ያስታውቃል»

ባለሙያዋ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። እኔ ምን እንደሆንኩ አልናገርም። ምላጭ ተመልሳ መጥታ ነበር።

ኮምፒውተሩ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብባል። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ እንግዳ ተቀባይ ዓይነት። ልጄ ሰማችውና ጻፈች፦ «ይሄ ድምፅ ደግ ነው። ክፉ የለውም?»

«ክፉ የሚባል ድምፅ የለም እኮ!» አለች ባለሙያዋ። «ወፍራምና ዝግ ያለ ላደርግልሽ እችላለሁ። ለምንድነው ግን?»

«ለሥራ።»

ባለሙያዋ ሌላም ነገር አሳየቻት። «ሰው ይጠይቅሻል፤ መልሱን ፊደል በፊደል እስክትጽፊ ሰውዬው ጫማውን አድርጎ ሄዷል። ስለዚህ አስቀድመሽ ጽፈሽ ስክሪኑ ላይ በየሳጥኑ ታስቀምጫለሽ፤ ሳጥኑን ስትነኪ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ይነበባል» አለቻት። ሌሎች ሰዎች «ጠማኝ»፣ «ጎኔን አዙሩኝ»፣ «ቴሌቪዥኑን ዝጉልኝ» ያስቀምጡበታል አለች። ልጄም እነዚህን አስቀመጠች። ከእነዚህ በኋላ ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ትጽፋለች፣ እኔ ስጠጋ ገጹን ትቀይራለች።

ከእኔ ጋር የነበራት ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፦ «ዳቦው ሲመጣ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙር።» ዳቦው ያለችው ሰውዬውን ነው።

ያኔ ገባኝ። ነገር ቀድሞ መሠራት ካለበት ባላጋራህ ምን እንደሚል ቀድመህ ማወቅ አለብህ። እሷ ደግሞ ያን ሰው በየሳምንቱ ተጋድማ ሰምታዋለች። ንግግሩ ከዳቦው ይልቅ አንድ ዓይነት ነበር።

አንድ ቀን እጁን እያፋተገ መጣ። ስክሪኑን አዞርኩ።

«ምላጬ! ሁለተኛ ዳቦ ቤት ልከፍት ነው። አንቺ ነሽ የምትመርቂልኝ። ሪባኑን አባባ ይቆርጡታል፣ አንቺ ብቻ ተገኚልኝ። ሰው ሁሉ ይይሽ። ትመጫለሽ?»

አንድ ጊዜ ጨፈነች። ለዚያ ሰው የሰጠችው የመጀመሪያ እውነተኛ አዎ ይህ ነው።

በዕለቱ ፀጉሯን የቀድሞ ሠራተኛዋ መጥታ ሠራችላት፤ እኔ እንዳልነካው ተከልክዬ ነበር። ኮምፒውተሩን ከዊልቸሩ ክንድ ጋር አሠርኩና ገፋኋት። አዲሱ ቤት ነጭ ሸክላ ለብሶ ያብረቀርቃል፤ ትሪ ላይ ዳቦ ተደርድሯል፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቷል። ያን ዕለት ቤቴ ተቃቅፈው ያለቀሱት አንዳቸውም አልቀሩም። ወንድሜ ከፊት ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ነጭ ሽርጡን እንደታጠቀ ንግግር ጀመረ። «ወገኖቼ፣ ሰው ይወድቃል። ግን ሰው በሰው ይነሣል። እኔን ያነሣችኝ ይህች እህታችን ናት። አፍ ሳይኖራት በዓይኗ ይቅር አለችኝ!»

ጭብጨባው ሲበርድ ጭንቅላቷ ቁልፏን ነካ። ወፍራሙ፣ ዝግ ያለው ድምፅ ወጣ፦

«ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ምላጭ ነኝ። ይህን ሰው ይቅር አላልኩትም።»

ትሪ የያዘችው ልጅ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ዳቦ ጋጋሪው ከአንገት በላይ ሳቀ። «ማሽኑ ነው... ማሽን ይሳሳታል መቼም...»

«ማሽኑ አልተሳሳተም። አሁን ደግሞ ‹ዓይንሽን ጨፍነሽልኝ አልነበረም ወይ› ትለኛለህ።»

አፉን ከፍቶ «ዓይንሽን ጨፍ...» ብሎ ነበር። ዋጠው። ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁም ወደ ሌላው ተዛመተ።

«ያን ቀን ዓይኔን ላለመጨፈን ታገልኩ። ‹ጨፈን አድርጊ› ስትለኝ አፍጥጬ ቆየሁ። ተቃጠለ። እንባ ወረደ። በመጨረሻ ሥጋ ነኝና ጨፈንኩ። እናንተም አለቀሰች፣ ማረች አላችሁ። በልቤ የሰደብኳችሁን ስድብ ልጆች ስላሉ አልናገረውም።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ «የኔ ልጅ፣ የሰው ደስታ ቀን ነው፣ ይሄ ቦታው ነው?» አላት።

«አጎቴ፣ ስለ እኔ አዎ ያልከው አንተ ነህ። አሁን ስለ ራስህ ዝም በል።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰው በሌላው ሰው ማፈር ደስ ሊለው አይገባም የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። እኔ ዊልቸሩን ይዤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ዳቦ ጋጋሪው ፊቱ እንደ ዱቄቱ ነጣ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር ተናገረ። «እሺ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ምን ላድርግልሽ ታዲያ? ንገሪኝ። ምን ላድርግ?»

ለዚህ ሳጥን አልነበራትም። ይህን ሊጠይቅ ይችላል ብላ አላሰበችም። ብርሃኑ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ሲያልፍ አየሁ፤ አንዱንም አልነካችም። የፊደል ገበታውን ከፈተች።

ከሀ ቁልቁል። ጠበቅን። ሰው ተቁነጠነጠ። ወንበር ተንቋቋ። የተወሰኑት ዳቦ ሳይቀምሱ ወጡ። ዳቦ ጋጋሪው ላቡን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩኝ። ምንድነው የምትፈልገው?»

«እኔ አፏ አይደለሁም» አልኩት። «ቁም።»

ቆመ። ምድጃ ውስጥ የተረሳው ዳቦ እስኪሸት ቆመ። በመጨረሻ ድምፁ ወጣ፦

«እሁድ ና። ወሬህን ትተህ ና። የወሰድክብኝን እነግርሃለሁ። ቀስ ብዬ።»

መጣም። ባይመጣ ደንበኞቹ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው «እሁድ ሄድክ?» ይሉታል፤ ጥያቄው ከዳቦው ጋር በየቀኑ የሚሸጥ ሆኗል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መናገር የለም፣ ስልክ የለም፣ መስኮት ማየት የለም። ስክሪኑን ብቻ እያየ ብርሃኑ ሲወርድ፣ ሲያልፍ፣ ሲዞር ይቆያል። በአንድ እሁድ ከአንድ ነገር በላይ አትጽፍም።

የመጀመሪያው እሁድ «እርጥብ ፀጉር በጣቶቼ መሀል» ነበር። በሌላው «አፍንጫዬን ሲበላኝ ማከክ»። በሌላው «አባቴን እኔ ልጦረው ነበር»። ይህን ያነበብኩ ዕለት ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ጊዜ «ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ትምሪኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት። መልሱ በሳጥን ተቀምጦ ነበር፤ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚደርስበት የላይኛው ሳጥን ነው።

«አይ።»

ሰዎች ይመክሩኛል። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይበቃል በሏት» ይሉኛል። እኔም እላቸዋለሁ፦ አንዴ ሌላ ሰው ስለ እሷ ይበቃል ብሎላታል።

ባለፈው እሁድ መጣ፤ ተቀመጠ። «ሱቁ ውስጥ የሴቶቹ ሳ» ድረስ ጽፋ ነበር። ሰዓቱ ሄዷል፣ ፀሐዩ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጥቷል፣ አንገቷም ደክሞ ቁልፏን ሁለት ሦስት ጊዜ ስታለች። ሰውዬው አላስቻለውም። ከወንበሩ ጫፍ ብድግ አለና፦

«ሳቅ! የሴቶቹ ሳቅ ነው አይደል?»

ልክ ነበር። እኔም አውቄዋለሁ፤ ሳቁን በዚያች ጠባብ ሱቅ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጄ ጭንቅላቷን አዘነበለች፤ ማጥፊያውን ነካች። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከኋላ ወደ ፊት ጠፉ፤ ስክሪኑ ባዶ እስኪሆን።

ሰውዬው ተመልሶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ብርሃኑ ከሀ ተነሣ።