ሞላሌ ኬላ ላይ የወረደችው ልጅ

ከደብረ ብርሃን

ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ከመሐል ሜዳ የመጣ ነጋዴ እናቴ ዓይኗን ክፉኛ እንደታመመች ነገረኝ። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበርኩ። ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ጠይቄ፣ የዓይን ቅባት ገዝቼ፣ ጨውና ቆርቆሮ በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ለመሄድ ተነሣሁ። ጋቢናው በነጋዴዎች ስለተያዘ ሁለት ብር ከፍዬ ከኋላ ከጨው ጆንያው ላይ ወጣሁ። ውርጩ ከመኪናው ብረት ላይ ገና አልረገፈም፤ በእጄ ብይዘው አቃጠለኝ።

ከጣርማ በር ወዲያ

የጣርማ በር ዋሻ ሳንደርስ ከአስፋልቱ ወጥተን የመንዝን መንገድ ያዝን። መንገድ ይባል እንጂ ድንጋይ ነው። በስተቀኝ ገደሉን ጉም ሞልቶታል፣ በስተግራ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ አልፎ አልፎ የድንጋይ ቤት። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ጥቂት እንደተጓዝን ሦስት ወንዶችና አንዲት ልጅ መንገድ ዳር ቆመው መኪናውን አስቆሙ።

ልጅቷ ከራሷ እስከ እግሯ በበግ ጠጉር ባና ተሸፍናለች። ሁለቱ ጎረምሶች አንሥተው ከጎኔ አስቀመጧት። ሦስተኛው ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው፤ ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ታማብን ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ጠበል ልንወስዳት ነው።»

«እግዜር ይማራት። ምኗን ነው የሚያማት?»

«ትለፈልፋለች። የምትናገረውን አትስሚ፣ ልጄ።»

መኪናው ሲነጥር ባናው ተንሸራተተ። እጇን አየሁት። አንጓዋ ላይ ገመድ የላጠው ቁስል አለ፤ እግሯንም እሾህ ቦጫጭሮታል። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ውሃ ላጠጣት ስል አዲስ ኮት የለበሰው ጎረምሳ ኩባያውን ከእጄ ተቀበለና ደፋው።

«እስክትጠመቅ አትቀምስም» አለኝ።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ልጅቷ አፏን ትከሻዬ ላይ አስጠጋች። «እትዬ፣ ጠልፈውኝ ነው። በናትሽ አትለፊኝ።»

 ዓይኔን ምንሽሩ ላይ እንደተከልኩ ቀረሁ። ብጮኽ ሾፌሩ አይሰማኝም፤ ቢሰማኝስ ምን ያደርጋል? ባለ ኮቱ ጎረምሳ ግን የልጅቷ አፍ ሲንቀሳቀስ አይቶ ኖሮ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። 

ሞላሌ

ከሰዓት በኋላ ሞላሌ ኬላ ደረስን። መንገዱን ገመድ ይዘጋዋል። ካፖርት የለበሱ አንድ ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አነሡና መኪናውን አስቆሙ። ከእሳቸው ሌላ አንድ ወታደር ብቻ ነው የነበረው።

ሃምሳ አለቃው አይቸኩሉም። የሾፌሩን የራሱንም የቤተሰቡንም ደኅንነት ጠየቁ፤ መንጃ ፈቃዱን አይተው በሁለት እጃቸው መለሱለት። ጎማውን በከዘራ ነካ ነካ አደረጉ፤ ፍሬኑን አስረገጡት። ቀና ብለው እኛን አዩ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ወገኖቼ? ብርዱ አልጎዳችሁም? የታመመች አለች ልበል?»

«አዎን ጌታው፣ ለጠበል ነው» አሉ ባለ ምንሽሩ።

«እግዚአብሔር ይማራት። በሰላም ግቡ።»

ወታደሩ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ልጅቷ ከባናው ሥር እጄን ያዘችው። ጨመቀችው።

«ሃምሳ አለቃ!» ብዬ ጮህኩ። «አሞኛል። መውረድ እፈልጋለሁ። ይህችም ልጅ ከእኔ ጋር ትውረድ።»

ባለ ኮቱ ብድግ አለ። ሃምሳ አለቃው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የልጅቷን እግር አዩ። ፊታቸው አልተለወጠም። መኪናው ጎን ተጠግተው ሁለት እጃቸውን ወደ ባለ ምንሽሩ ሽማግሌ ዘረጉ።

«እንግዲያስ ሁላችሁም ትንሽ እረፉ። አያ፣ ከነጠመንጃ ከዚህ ላይ መውረድ ያስቸግርዎታል። እኔ ልያዝልዎ።»

ሽማግሌው አመነቱ። ሰው ከየሻይ ቤቱ እየወጣ ያያል፤ የተዘረጋ እጅ ደግሞ አይመለስም። በመጨረሻ ምንሽሩን አቀበሏቸው። ሃምሳ አለቃው አመስግነው ለወታደሩ አስተላለፉት፤ ከዚያም ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዘው እንደ አባት አወረዷቸው።

ልጅቷን እኔ ደግፌ አወረድኳት። ሃምሳ አለቃው ኮፍያቸውን አውልቀው ዝቅ አሉላት።

«እኅቴ፣ ይህ መንገድ ወደሽና ፈቅደሽ የምትሄጂበት ነው?»

ልጅቷ ዘወር ብላ ባለ ኮቱን አየችው።

«መንፈስ ነው የሚያስለፈልፋት» አለ ባለ ኮቱ።

«እንግዲያስ ትለፍልፍ። እንሰማታለን።»

ሃምሳ አለቃው ጠበቋት። ልጅቷ መጀመሪያ የአባቷን ስም ተናገረች፤ ቀጥላ የደብሯን። ከዚያ ከአፏ ጎረፈ፤ ውሃ ልትቀዳ መውረዷን፣ እንስራው መሰበሩን፣ ጎተራ ውስጥ መታሰሯን። ባለ ኮቱ ዱላውን ጨብጦ ወደ እሷ ሲንደረደር ሃምሳ አለቃው መካከል ገብተው ቆሙ። ድምፃቸውን እንኳ አላነሡም።

«ወንድሜ፣ እሷ ዘንድ የምትደርሰው እኔን አልፈህ ነው። ባትሞክረው ይሻላል። ተቀመጥ፣ ሻይ ይምጣልህ።»

ጎረምሳው አያቸው። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«ይህ የመንግሥት ነገር አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ሽማግሌ ልከን እንታረቃለን።»

«ሽማግሌ የሚላከው ልጅቷ በገመድ ከመታሰሯ በፊት ነበር፣ አያ» አሏቸው ሃምሳ አለቃው።

ሦስቱ ሰዎች እዚያው ኬላው ላይ ተያዙ፤ መኪናው ጥሎኝ ሄደ። ልጅቷ እጄን ስላልለቀቀች ሃምሳ አለቃው ቤት አብሬያት አደርኩ። ባለቤታቸው ቁስሏን በሞቀ ውሃ አጠበችላት። ሃምሳ አለቃው ሰው ልከውባቸው በማግስቱ አባቷ በበቅሎ ደረሱ። ልጃቸውን ሳያዩ ሃምሳ አለቃውን ገለል አድርገው አንድ ነገር በጆሮአቸው ጠየቋቸው።

«አባቴ፣ ይህን እኔንም እሷንም አይጠይቁን። ልጅዎ ናት፤ ቤትዎ ያስገቧት» ሲሉ ሰማሁ።

አባትየው ወደ በቅሎዋ ዞሩ። አሁንስ ጥለዋት ሊሄዱ ነው ብዬ ፈራሁ። በኋላ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት፤ በቅሎዋ ላይ አውጥተው አስቀመጧትና ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ፊት ፊት ሄዱ።

መሐል ሜዳ

በሌላ መኪና ቤቴ ስደርስ እናቴ በመዘግየቴ ተቆጣች። ዓይኗን እየቀባሁ የሆነውን ሁሉ አጫወትኳት። ስንጓዝ ስለ ምንሽሩ ብቻ ሳስብ እንደነበር፣ አንድ ሰው ግን በትሕትና እጁን ዘርግቶ እንደተቀበለው ነገርኳት። ለካ ጨዋነትም ድፍረት ይጠይቃል አልኳት።

 እናቴ እጄን ከፊቷ ላይ አነሣችና፣

«እኔንም እንዲያ ነው ያመጡኝ» አለች። «አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማረው። ብቻ ያን ጊዜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር እኔም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ቅባቱን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «እማዬ፣ እስኪ ንገሪኝ» አልኳት።