ሁለት ጊዜ የማይለምን አገር

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ሽታው መኪናውን ሞላው። «ይቅመሱ፣ እማማ» ብላ አንድ ፍልቃቂ ዘረጋችልኝ፤ እኔም እንደ ወጋችን «ኧረ አይ፣ ተባረኪ» አልኳት፤ እሷም «እሺ» ብላ ብቻዋን እየመጠመጠች ጨረሰችው። ጥፋት የለባትም፤ አልፈልግም ያለ ሰው አልፈልግም ብሏል። እኔ ግን የጊዮርጊስን አደባባይ ዞረን ሳንጨርስ ታክሲው ባቡር ሆኖብኝ፣ መስኮቱን ጉም ሸፍኖት፣ እናቴ በአንድ ጎኔ አባቴ በሌላው ተቀምጠው፣ እኔም የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሱቁ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባንኮኒው ሥር እቀመጥና፣ አንዱ ከሌላው የማይስማማ የሰዓት መንጋ ከላዬ ሲንቀጫቀጭ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አንድ ክረምት ታዲያ አባቴ አምፖል ባየ ቁጥር ዙሪያውን ጭጋግና ቀስተ ደመና የሚያይ ሆነ፤ ጥቃቅኖቹ ብሎኖችም ከእጁ ያመልጡት ጀመር። ያየው ሐኪም «የዐይን ግፊት ነው፣ ቶሎ ውጭ አገር ሄዶ ካልታከመ ይታወራል» አለ። ሰዓት ሠሪ ዐይኑን ካጣ ምን ሠርቶ ይኖራል? እናቴ ይህንን ጥያቄ ጧት ጧት ለቅዱስ ጊዮርጊስ ታቀርብ ነበር እንጂ ለአባቴ አንድም ቀን አላነሳችለትም።

የግድግዳ ሰዓቶቹን አባቴ ዘንድ ሲያስጠግን ኖሮ አገሩ የገባ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ወሬውን ሰማና፣ በሰሜን ጣልያን ባለች ትንሽ ከተማ ከሚሠሩ የዐይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዘልን። ከመነኮሳይት ዘንድ ጣልያንኛ እማር ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። አባቴ አራዳ ነኝ ባይ ስለነበር፣ በ«ማኪያቶ»ና በ«ባንኮኒ» ብቻ ሮምን የሚያቋርጣት መስሎት ነበር፤ ገና አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንድ ፖሊስ ሲያናግረው ግን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሦስታችንም አፍ እኔ ነበርኩ።

ከሮም ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ላይ ፊት ለፊታችን ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ በዘንቢል ነፍሷ ያለ ዶሮ ይዛ የተሳፈረች ሰፊ ሴት ስትሆን፣ ዶሮዋን በስሟ እየጠራች በመስኮት የሚያልፈውን አገር ታሳያታለች። ሁለተኛው ጢሙን በቅባት ያሾለ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ባቡሩ ዋሻ በገባ ቁጥር ማንም ሳይጠይቀው በጨለማው ውስጥ መጫወት ይጀምራል፤ ብርሃን ሲመጣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ዝም ይላል። ጉሙ፣ ዜማው፣ የዶሮዋ ጉርምርምታ ተደባልቀው እስካሁን አንዳንዴ በሕልሜ ይመጣሉ።

ስንቃችን የነበረውን ዳቦ ቆሎ እናቴ ባደርንበት ቤት አልጋ ላይ ረስታው ስለነበር፣ ከጧት ጀምሮ ውኃ ብቻ ነበር የቀመስነው። ባለ ዶሮዋ ሴት ጉልበቷ ላይ ጨርቅ ዘርግታ፣ ብርቱካን፣ ዳቦና የተጠበሰ ዶሮ አወጣች፤ የዘንቢሏ ዶሮ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም። «ብሉ» አለችን ፈገግ ብላ። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ ይባረክ፣ አሁን በልተን ነው የወጣነው» አለች፤ እኔም አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። በእኛ አገር ቢሆን ሴትዮዋ «በሞቴ!» ትላለች፣ እኛ «ኧረ ጠግበናል» እንላለን፣ እሷ «እንዲያውም አልበላም!» ብላ ታኮርፋለች፣ ያኔ እጃችንን ታጥበን እንቀርባለን። እናቴ ሁለተኛውን ልመና ስትጠብቅ ፊቷ ላይ የቀረውን ፈገግታ አልረሳውም። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና አጥንቱ እስኪቀር በላችው። ብርቱካኑ ሲላጥ አባቴ ዐይኑን ጨፈነ፤ ከሕመሙ ይሁን ከረሃቡ አላወቅሁም።

ከባቡሩ ስንወርድ ዝናብ ይዘንባል። ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ባለ አኮርዲዮኑን ወንድሙ በመኪና ሊቀበለው መጥቶ ነበርና፣ ሰውዬው በእጃችን የያዝነውን አድራሻ አይቶ «ላድርሳችሁ?» አለን። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ «ኧረ አይቸገሩ፣ ቅርብ ነው፣ እንደርሳለን» አለ። ዛሬ ሳስበው፣ የዚያን ጊዜ ዝም ብል፣ ወይም «እሺ» ብዬ ብዋሽ ምን ነበረበት? እኔ ግን ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ በትክክል ተረጎምኩት። ሰውዬውም ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ሄደ። መኪናው ጥግ እስኪዞር ሦስታችንም ቆመን አየነው፤ ይመለሳል ብለን ነበር።

መንገድ ጠፍቶን ያቺን ከተማ በዝናብ እስኪመሽ ዞርናት። ክሊኒኩ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ደረጃ ስትወለውል የነበረች አሮጊት ሠራተኛ፣ ሐኪሙ ጠብቀውን ጠብቀውን እንደሄዱ፣ በማግሥቱም ለአንድ ወር ሌላ አገር እንደሚጓዙ ነገረችን። እኛ ያለን የመቆያ ፈቃድ ደግሞ ሳምንት ብቻ ነበር። አባቴ እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው አሮጊቷ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ቤታቸው ልደውል?» ያለችው። አባቴ አንገቱን ሳያቀና «ተያት፣ አታስቸግሪያት» አለኝ። አፌን ልከፍት ስል፣ በሰው ፊት የአባቴን ቃል ረግጣ የማታውቀው እናቴ ክንዴን ጨመደደችው።

«ሚሚ፣ እሺ በያት! አሁኑኑ እሺ በያት!» ወደ አባቴም ዞራ፣ «ከዐይንዎ ይሉኝታዎ ይበልጣል እንዴ?» አለችው። እንባዋ ፊቷ ላይ ከቀረው የዝናብ ውኃ ጋር ይወርድ ነበር።

«እሺ» አልኩ።

ሐኪሙ ካፖርታቸውን በፒጃማ ላይ ደርበው፣ በነጠላ ጫማ፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ መብራት አብርተው አባቴን አስተኙት፤ ጉዟቸውንም በሦስት ቀን አዘገዩልን። ከግራ ዐይኑ ጥቂት፣ ከቀኙ ብዙ ተረፈለት። ስንሰናበት ትከሻዬን ይዘው «ለአባትሽ ንገሪው፤ ዳግመኛ ጭጋግ ያየ እንደሆነ አንድ ቀን አይደር» አሉኝ፤ ይህንንም በትክክል ተረጎምኩ።

አባቴ በዚያ ዐይን ብዙ ዓመት ሰዓት ጠገነ። ጉዟችንን ለደንበኞቹ ሲያወራ «ሁለት ጊዜ የማይለምን አገር» ይለው ነበር፤ ሱቁ በሳቅ ይሞላል፤ ቡና ሲጋብዙት ግን ያው ሦስቴ እምቢ ሳይል አይቀበልም። እናቴ ካረፈች በኋላ ያደግሁባትን፣ ጊዮርጊስ ሥር ያለችውን ቤት አልለቅም ብሎ ብቻውን ቀረ። እኔ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባሁ፤ ልጆች፣ ሥራ፣ ታክሲ ሰልፍ እያልኩ በስልክ የምጠይቀው ሆንኩ። ያደግንበት ሰፈር ፈረሰ ብለው ዛሬ የሚያለቅሱ አሉ፤ እኔም አልቅሻለሁ፤ ግን ከቤቱም ከሱቁም ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ አንድ ቀን በስልክ ስለ ሰሞኑ ዝናብ ሲያወራልኝ ቆይቶ «ሰሞኑን ጧት ጧት ጭጋግ ነገር ያሳየኛል» አለኝ።

«ነገ መጥቼ ሐኪም ቤት ልውሰድህ፣ አባዬ?»

«ኧረ አይ፣ ልጄ፣ ከሥራሽ አትስተጓጎዪ። ይሻለኛል።»

«እሺ» አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላም በደወልኩ ቁጥር ደኅና ነኝ ይለኛል፤ እኔም አምነዋለሁ።

ለፋሲካ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፣ ቀን ነው፣ ፀሐይዋ ከኋላዬ ቤቱን ሞልታዋለች።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

እጁን ዘርግቶ አየሩን ዳሰሰ፤ ጣቶቼን ሲያገኝ ፈገግ አለ። «እንኳን መጣሽ» አለኝ፤ «ያን ቀን ስትዘጊው፣ ደግማ ትደውላለች ብዬ ስልኩን ይዤ ቆይቼ ነበር።»