ምራቅ የሚጠይቀው ሳጥን

ወንድሜ ከካናዳ ሲደውል ድሮ "እንዴት ነሽ?" ነበር የሚለኝ። ከመስከረም ወዲህ ሰላምታውን ቀይሮታል። "ተፋሽ?" ይለኛል። ኔትወርኩ ቆረጥ ቆረጥ ሲል ደግሞ ከንግግሩ ሁሉ ጥርት ብላ የምትሰማው ይቺው ቃል ብቻ ነች። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሰሙ ባልደረቦቼ ምን እንድተፋ እንደሚጠይቀኝ ይገምታሉ፤ ግምታቸውን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ አገር ቤት በመጣ ሰው እጅ ሁለት ነጫጭ ሳጥኖች ላከ። አንዱ እንጅባራ ለምኖረው ለእኔ፣ ሌላው ዳንግላ ላለችው ለእናታችን። በየሳጥኑ ውስጥ ጣት የምታህል ብልቃጥ አለች፤ ጎኗ ላይ መስመር ተሰምሮባታል። ሰው ምራቁን እስከዚያ መስመር ይሞላና ክዳኑን ገጥሞ መልሶ ይልካል። ከዚያ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ ከቤተሰቡ ምን በሽታ ሊወርስ እንደሚችል በስልክ ይነገረዋል። ለእኛ ግን የሚመጣው በወንድሜ ስልክ ነው፤ የመዘገበን እሱ ነዋ።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለ ዘር ውርስ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ረጅም አተር ከአጭር አተር እያጋባሁ ስንት ሰሌዳ ሞልቻለሁ። ስለዚህ ወንድሜ እምቢ ትላለች ብሎ አልጠረጠረኝም። እኔ ግን ሳጥኖቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ሸሸግኋቸው። መሸሸጊያዬም የሞኝ ነበር። እንጅባራ ብርድ ልብስ የማይወጣበት ወር የለም፤ አንዱን በሳብኩ ቁጥር ሳጥኖቹ እግሬ ላይ ይወድቃሉ።

"ዘር ለመቁጠር ምራቅ ምን አስፈለገ?" እለዋለሁ ወንድሜን። "እዚህ አገር ሰባት ቤት የማይቆጥር ማን አለ?" ይህስ እውነት ነው። በእኛ ዘንድ ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌዎች ይቀመጡና በሁለቱም ወገን እስከ ሰባተኛ አያት ይቆጥራሉ። የሆነ ቦታ ላይ ከተገናኙ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። እኔ ስዳር አጎቴ የእናቴን አያቶች ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የደረደራቸው።

"እሱ ስም ነው፤ ይሄ ደም ነው። ስንት እጃችን አገው እንደሆነ ማወቅ አትፈልጊም?" ይለኛል ወንድሜ።

"መቶ ከመቶ ብርዳሞች ነን" እልና እዘጋበታለሁ።

ትክክለኛው ምክንያቴ ሌላ ነበር። እናቴ አልወለደችኝም።

ይህን ያወቅሁት አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለቅሶ ቤት ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአገውኛ ያወሩ ነበር። ከተማ ያደገች ናት፣ አትሰማም ብለው ነው። እኔ ደግሞ ዳንግላ ገበያ ውስጥ ያደግሁ ስለሆንኩ ከእነሱ እኩል እሰማለሁ። "ይቺ የጡት ልጇ እንዴት አደገች!" አለች አንደኛዋ። የጡት ልጅ የሚባለው አንዲት ሴት በሽማግሌዎች ፊት ጡቷን ማር ቀብታ አጥብታ ልጄ ያለችው ነው። በወጉ ከማህፀን ልጅ አያንስም። ወንድሜ የተወለደው ከእኔ ከዓመታት በኋላ ስለሆነ ይህን አያውቅም። እናቴም እንደማውቅ አታውቅም።

ይባስ ብላ ሐምሌ በመጣ ቁጥር እኔን ያማጠችበትን ታሪክ ትነግረኛለች። ትንሽ ሳለሁ ምጡ ግማሽ ቀን ነበር። ኮሌጅ ስገባ ሙሉ ቀን ሆነ። እኔ ራሴ መውለድ ስጀምር፣ እንዳልበልጣት ነው መሰለኝ፣ ሦስት ቀን ደረሰ። ዝናቡ ወረደ፣ ወንዙ ሞላ፣ አዋላጇ ማዶ ቀረች፤ ሁሉም በቦታው ነው። ይህን ስታወራ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ያየ ሰው ለምን ዝም እንዳልኩ አይጠይቀኝም።

ዝምታዬ ግን ዋጋ አስከፍሎኛል። በእናቴ ቤት ስኳር በሽታ ያልያዘው ሰው የለም፤ እሷ፣ እህቷ፣ እናታቸው። ጤና ጣቢያ ሄጄ "ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?" ስባል "አዎ" እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? "እንግዲያው ተጠንቀቂ" ይሉኛል። ይኸው ከሠርጌ ጀምሮ መራራ ሻይ እጠጣለሁ። ባልተወለደበት ቤት በሽታ ሲጠነቀቅ የኖረ ሌላ ሰው ካለ ብንተዋወቅ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ሳጥኑን አልፈልግም ማለቴ ግማሹ ውሸት ነበር። ከማን ምን እንደወረስኩ፣ ለልጆቼስ ምን እንዳወረስኩ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ በጣም እፈልጋለሁ። ነገር ግን እኔና እናቴ ከተፋን ወንድሜ ስልክ ላይ እነዚህ ሁለት ሴቶች አይዛመዱም የሚል መልእክት ይመጣል። እናቴን ያን ምጧን ስልክ እንዲነጥቃት አልፈለግሁም።

ወንድሜ በእኔ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ እሷ ደወለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ስልኬ ላይ ጮኸች። "ልጄ የላከልኝን ዕቃ ምን ብለሽ ነው የደበቅሽብኝ? ዛሬውኑ ይዘሽልኝ ነይ። አፌን ተጉመጥምጬ ቁጭ ብያለሁ።"

ወደ ዳንግላ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የከሰል ጆንያ ሊጭን ቆመ። ጆንያዎቹ ጣሪያው ላይ ሲወጡ እኔ ለእናቴ የምነግራትን ውሸት እለማመድ ነበር። ምራቅ መንገድ ላይ ይበላሻል ልበላት? ምራቅ ከአገር ማስወጣት ተከልክሏል ልበላት? አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ነጋዴ ከራሴ ጋር ስነጋገር ሰምተው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል" አሉኝ። አመስግኜ አፌን ዘጋሁ።

እናቴ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። "ከመትፋት በፊት ምን ያህል ሳይበሉ ይቆዩ ይላል?" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

"ግማሽ ሰዓት።"

"ግማሽ ሰዓት! ይሄንንም ጾም ብለው ጻፉት?" ብላ ሳቀችና ሳጥኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። "ለመሆኑ ወስደው ምኑን ያያሉ?"

"ጤናን። ከቤተሰብ የሚወረሰውን በሽታ።"

"ሌላስ?"

"ዘርንም ያያሉ።"

"ያንቺንና የእኔን ጎን ለጎን ያዩታል?"

የተለማመድኳቸው ውሸቶች ሁሉ ጠፉብኝ። "ያዩታል" አልኳት።

ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ፣ "ያን ሐምሌ አንቺ በመጣሽ ጊዜ ዝናቡ…" ብላ ጀመረች። ወንዙ ጋ ደረሰች። ምጡ ጋ ስትደርስ አቆመችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ።"

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ "እና ይሄን ሁሉ ዘመን ምጤን ዝም ብለሽ ስታዳምጪኝ ኖርሽ!" አለች።

"ጥሩ ምጥ ነበራ።"

"እየጨመርኩበት እኮ ነው።"

"ሦስት ቀን ሲሞላውማ ለጤናሽ ሰግቼ ነበር።"

ሳቅን፤ ከዚያ አለቀስን። የጀመርኩት እኔ ነኝ። እንባዋን ጠርጋ ነገረችኝ። የወለደችኝ አዘና ከተማ አጠገብ የነበረች ልጅ ነች፤ ከወለደችኝ በኋላ ደም ሲፈሳት ሰንብታ ሞተች። እናቴ ልጅ አጥታ ስትኖር ወሬው ደረሳትና ሄደች። "ዝናቡ እውነት ነው። ወንዙም እውነት ነው" አለችኝ። "በጋቢ ጠቅልዬሽ የተሻገርሁ እኔ ነኝ። ምጡ ብቻ ነው የእሷ።"

"ስኳርስ?" አልኳት። በእንባ መካከል እንዲህ የምጠይቅ ዓይነት ሰው ነኝ።

"በዚያ ቤት ስኳር የሚባል አልሰማሁም። አያትሽ ጃጅቶ እንኳ ድንች ሲቆፍር ነው የሞተ። መራራ ሻይ ስትጠጪ ባየሁ ቁጥር ስኳር ልጨምርልሽ ይቃጣኝ ነበር፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?"

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩ። "እማዬ፣ እኔ ስዳር ሰባት ቤት የተቆጠረው ባንቺ አያቶች ነው። ባሌ ዘመዴ ቢሆንስ?"

ስድብ እንደሰማች ቀና አለች። "እኔን ምን አድርገሽኛል? ከሠርግሽ በፊት ማር ልገዛ ብዬ አዘና ሄጄ አልነበር? የአገሩን ሽማግሌ አስቀምጬ በእሷም በኩል ሰባት ቤት አስቆጥሬ ነው የመጣሁ። በሁለት እናት ተቆጥራ የተዳረች እዚህ አገር አንቺ ብቻ ነሽ።"

"ማሩስ?"

"ማሩንማ ረሳሁት።"

እሷን ከጉዳት ልጠብቅ መጥቼ፣ ስትጠብቀኝ የኖረችው እሷ ሆና አገኘኋት። በጣም ወደድኳት፤ አፈርኩም።

"ለወንድምሽ እኔ በአፌ እነግረዋለሁ፤ ስልክ አይነግርልኝም" አለች። "አንቺ ግን ተመርመሪ። የእነዚያን ሰዎች ሁሉንም ነገር አላውቅልሽም፤ ልጆችም አሉሽ።"

እሺ ብዬ የእኔን ብልቃጥ አብሬ ካመጣሁት ከራሴ ሳጥን አውጥቼ ከፈትኩ። ወደ አፌ ሳስጠጋት እናቴ እጄን ያዘችኝ። "ሳልመርቅልሽ ነው?" አለችና ብልቃጧን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ "በጎ በጎውን ያሰማሽ። ከልጆችሽ ክፉውን ያርቅልሽ። እንትፍ! እንትፍ!" አለች። አዛውንቶቻችን ምርቃት የሚያጸኑት እንዲህ እንትፍ እያሉ ነው። እናቴ ደግሞ ስትመርቅ አትሰስትም፤ ሁሉም ብልቃጧ ውስጥ ገባ።

"እማዬ! ተበላሸ እኮ!"

"ምርቃት ያበላሻል?"

"የሁለት ሰው ምራቅ ከተቀላቀለ ማሽኑ አይሠራም። የትኛዋ እናት፣ የትኛዋ ልጅ እንደሆነች አያውቅም።"

"ምንም አያውቅም?"

"ምንም።"

ብልቃጧን ወደ ፀሐይ አንስታ አገላብጣ አየቻት። "አንቺ በእኔ ሳጥን ትመረመሪያለሽ" አለች። "ይቺ ለእኔ ትቅር።"

ከዚያ መስመሩን በጣቷ ጠቆመችኝ። "ገና አልሞላም፤ በይ ትፊ" አለች። ተፋሁ። እሷም ጨመረችበት። እንዲህ ተራ በተራ እየተፋን እስከ መስመሩ ሞላናት፤ ክዳኑን እሷው ገጠመችው።