የማቆያ ቤቱ ገብስ

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ጠዳ በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሬዲዮው ስለ በጀት ጉድለት ያወራ ነበር። መንግሥት ከሚያገኘው የሚያወጣው በልጧል፤ ስለዚህ የሆነ ወጪ መቀነስ አለበት፤ የቱ ይቀነስ ነው ክርክሩ። የጎንደር ሰው ደግሞ ክርክር ከሰማ ዝም ብሎ መንገዱን አይጨርስም። ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ የባለሥልጣን መኪና ይቀነስ አለ። ከጎኑ ያለችው ነጋዴ ስብሰባውና አበሉ ይቀነስ አለች። ከኋላ አንድ ተማሪ መነካት ያለበት የማዳበሪያ ድጎማ ነው ብሎ ጀመረና ጠዳ የሚወርዱ አንድ ገበሬ ዞር ብለው ሲያዩት አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ሾፌሩ፣ «ምን ያጨቃጭቃል፣ ሁሉም ከራሱ ይቀንስ» አለ። ሰው ሁሉ እውነት ነው አለው። እኔ ግን ይችን ቃል በወጣትነቴ ሰምቻታለሁ፤ ያኔም ሰው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ነበር።

ያኔ ሠላሳ ያልሞላኝ አዋላጅ ነርስ ነበርሁ። የተመደብሁት ከጎንደር በስተሰሜን ደጋው ላይ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ነው፤ ስሟን ባልጠራው እመርጣለሁ። ከተማ ትባል እንጂ አንድ ጥርጊያ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወዲያ ገደል ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ በመስኮት ይገባና ሊጡ አልቦካ፣ ልብሱ አልደርቅ ይላል። ከጤና ጣቢያው ጓሮ ቆርቆሮ የለበሰች የጭቃ ቤት ነበረች። ማቆያ እንላታለን። ከገደሉ ማዶ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ወንዙ ሳይሞላ ቀደም ብለው መጥተው ምጣቸው እስኪደርስ የሚቆዩባት ቤት ናት። ወረዳው ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይትና ማገዶ ይሰጣል፤ ሴቶቹ ተጋግዘው ያበስላሉ። ሌላ ጥበብ የለውም። ወንዙ ከሞላ የማዶ ሴት እኛ ዘንድ መድረስ አትችልም፤ ስለዚህ ቀድማ ትምጣ፤ ከመጣች ደግሞ ትብላ።

ውባለምን ያወቅኋት በመጀመሪያ ልጇ ነው። ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ እሷም ደሟ አልቆም ብሎ ከእጄ ልታመልጥ ምንም አልቀራት። ሁለተኛውን ስታረግዝ የካቲት ላይ ከአባቷ ከአያ በሪሁን ጋር መጣች። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዷል፣ እናቷ ሞታለች፤ ያላት አባቷ ብቻ ነው። አያ በሪሁን ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ መሬት የሚያዩ ሰው ነበሩ።

«ይችኛዋን ቤት እንዳትወልድ» አልኋቸው። «ደሙ ይደገማል። ሐምሌ ሲገባ፣ ወንዙ ሳይሞላ ያምጧት።»

«ካልሽማ ምነው እንቢ እንላለን፣ ልጄ? እናመጣታለን። ግና ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጣ ምን ትበላለች?»

«ወረዳው ያበላታል።»

«ሸጋ ነው» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሰኔ ላይ ከክልል የሚመጣው በጀት ከታሰበው በታች መሆኑ ተሰማ። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ አይነካም። ቅነሳው የሚያርፈው በቀረችው ትንሽ ላይ ነው። ምክር ቤቱ ተጠራ። የጤናው ኃላፊ አቶ መልካሙ ስለ እናቶች ቢጠይቁኝ መልስ ትሰጪልኛለሽ ብለው ይዘውኝ ሄዱና ከኋላቸው ተቀመጥሁ። አቶ መልካሙ የቄስ ልጅ ናቸው። ለማቆያዋ ሳሙና ከኪሳቸው የሚገዙ፣ የለመናቸውን ባዶ እጁን መመለስ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። እንደሳቸው ያለ አለቃ ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም፤ ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም።

ክርክሩ ጧት ተጀምሮ ማለቂያ አጣ። ነዳጅ ይቀነስ ሲባል አስተዳደሩ በእግራችን ነው ወይ ቀበሌ የምንደርሰው አለ። የመንገድ ጥገና ሲባል ድልድዩ ሲወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው ተባለ። የኮንትራት መምህራን ሲነሡ የትምህርቱ ኃላፊ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ተነሣ። የከብት ክትባት ሲባል ገበሬ የሆኑት አባላት አጉረመረሙ። የአንዱን ወጪ ልቀንስ ያለ ሁሉ ባለቤቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሰውን እንጀራ መቁረጥ ደግሞ በኛ አገር ነውር ነው። እውነት ለመናገር ያ ጭቅጭቅ ደኅና ነበር። ማንም የያዘውን አለቀቀም፤ ለምን እንደያዘውም ይናገር ነበር።

አፈ ጉባኤው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ሽማግሌ ናቸው። ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው መቋሚያ እንደያዘ ሰው ቀና ብለው ቆሙ።

«የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲያፈስ ምእመኑ ምን ያደርጋል? እየተነሣ ቃል ይገባል። እኛስ ምነው? የሰው አንንካ። ሁሉም ከራሱ ይቀንስ፣ ተነሥቶም ለጉባኤው ይንገር።»

አዳራሹ እፎይ አለ። የደብር ቃል መግቢያ ላይ የቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የመጀመሪያው አንድ ቆርቆሮ ይላል፤ ሁለተኛው ከሱ ማነስ ያፍርና ሁለት ይላል፤ እየተጨበጨበ፣ እልል እየተባለ ይሄድና አንዱ ሞቅ ብሎት በሬውን ይሰጣል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የምትለው ሌላ ነው። ጣራው ግን ይከደናል፤ በሬውም የራሱ ነበር።

አስተዳደሩ ተነሥቶ የአንድ ሾፌር ደመወዝ ሰጠ። ሾፌሩ ገና አልተቀጠረም። ግብርናው የችግኝ ገንዘብ ሰጠ፤ የችግኙ መደብ ውኃ አጥቶ ደርቆ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ትምህርቱ አስቀድሞ የቀረ ሥልጠና ሰጠ። ለሁሉም ተጨበጨበ። ብልጥ ሰዎች ናቸው፤ ከመሶቡ ሳይሆን ከፍርፋሪው ቀነሱ። ተራው አቶ መልካሙ ዘንድ ሲደርስ ግን እሳቸው ፍርፋሪ አልነበራቸውም። የተሰጣቸውን ሁሉ በወጉ የሚሠሩበት ሰው ናቸው። የለኝም ቢሉ እውነት ነበር። ነገር ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው ያያቸዋል፤ ይሉኝታ ያዛቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«የማቆያውን ቀለብ ሕዝቡ በመዋጮ ይሸፍነዋል። እኛ እንተወዋለን» አሉ።

የኮታቸውን ጫፍ ከኋላ ጎተትሁ። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «ሁሉም ሲሰጥ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» አሉኝ። እጄን አወጣሁ። በክረምት ጎተራው ባዶ ነው፣ ያለችው ዘር ናት፣ ገበሬው ከምኑ ያዋጣል ብዬ ተናገርሁ። አፈ ጉባኤው አልተቆጡኝም።

«ልጄ፣ አለቃሽ ሰጥተዋል። በጉባኤ ፊት የተሰጠ አይመለስም።»

የዚያን ቀን ትልቁ ጭብጨባ ለጤና ነበር። ሌላው የሰጠው የሌለውን ስለነበር፣ በእውነት የተቀነሰው የሴቶቹ ቀለብ ብቻ ሆነ። ከዚያ ምሳ ተባለ። የሰኔ ጾም ስለነበር በየዓይነቱ ቀረበ፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው እየተንተከተከ። እኔ አልበላሁም። ማዶ ያለች አንዲት ሴት ቃሌን ይዛ ቀኗን ትጠብቃለች።

ውባለምም ቃሏን ጠበቀች። ሐምሌ እንደገባ በጭቃ ተለውሳ፣ አንድ ቋጠሮ የገብስ ቆሎና ድርቆሽ ይዛ መጣች። ማቆያዋ ምድጃዋ ቀዝቅዞ ነበር የጠበቀቻት። የቀበሌ ሊቃነ መናብርቱን ስለ መዋጮው ብንጠይቅ መሬት መሬት አዩ፤ የሚዋጣ የለም። ከሷ ጋር የመጡት ሴቶች ስንቃቸው ሲያልቅ አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ። ውባለምን እኔ ከቤቴ ማብላት ጀመርሁ። አቶ መልካሙም ከቤታቸው ዱቄት በዘንቢል ያመጡላት ነበር። እሷ ግን ጥቂት ጎርሳ ጠገብሁ ትላለች። ምግቡን ፊቷ ሳስቀምጥ አንገቷን ታቀረቅራለች።

«ወረዳው ቢያበላኝ እበላ ነበር፣ ሲስተር» አለችኝ አንድ ቀን። «ያንቺን ጉርሻ መሻማት ግን ከበደኝ።»

«ውባለም፣ እኔን ቅር አይለኝም እኮ።»

«አንቺንማ አይልሽም። እኔን ነው እንጂ።»

ቅዳሜ ገጠር ለክትባት ወጥቼ ስመለስ አልጋዋ ተነጥፎ አገኘሁት። ገበያ ከወጡ የአገሯ ሰዎች ጋር ወርዳለች። ምጤ ሲቃረብ እመለሳለሁ በሏት ብላ ለዘበኛው ነግራዋለች። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ሌት ተቀን ወረደና ወንዙ ሞላ።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ተይዞ፣ አንድ ጧት ከገደሉ አፋፍ ጥሪ ተሰማ። በዚያ አገር ስልክ ባልነበረበት ጊዜ መልእክት የሚደርሰው ከአፋፍ ወደ አፋፍ በመጣራት ነው። የበሪሁን ልጅ ወልዳ ደም አልቆመላትም፣ በቃሬዛ ወንዙ ዘንድ እያወረድናት ነው ይላል። ቦርሳዬን አንሥቼ ሮጥሁ፤ አቶ መልካሙ ተከተሉኝ። ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ስንደርስ እነሱም ደርሰዋል። እኛ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ። በመካከላችን ወንዙ ቀይ ጭቃ መስሎ፣ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ድንጋይ ብወረውር ይደርስ ነበር። ደሙን የሚያቆመው መርፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሆዷን እሹላት፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ ብዬ ጮህሁ፤ ወንዙ ድምፄን ዋጠው። አንዲት ሴት እጇን ወደ ጆሮዋ አድርጋ ቆየችና አልሰማሁሽም ስትል ራሷን ነቀነቀች። አያ በሪሁን ከቃሬዛው ራስጌ ተቀምጠው ነበር። አቶ መልካሙ ጫማቸውን ሳያወልቁ ውኃው ውስጥ ገቡ፤ ወገባቸው ላይ ሲደርስ ጎርፉ ሊያነሣቸው ሲል እረኞች ጎትተው አወጧቸው። ቆመን ከማየት በቀር የምናደርገው አልነበረም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ማዶ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ አየሁ። የሞተችው ያኔ እንደሆነ በዚያ አወቅሁ። ሕፃኗ ተርፋለች።

ዳገቱን ስንወጣ አቶ መልካሙ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ከራሴ የቀነስሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ተናድጄባቸው ነበር፤ አዝኜላቸውም ነበር፤ ዛሬም ሁለቱን መለየት አልቻልሁም።

ወንዙ ጎደለ፣ አዝመራው ተሰበሰበ። ኅዳር ላይ አያ በሪሁን አህያ እየነዱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። አህያው ገብስ ተጭኗል።

«ልጄ እዚህ ስትቀመጥ የበላችው ነው» አሉኝ።

«አያ በሪሁን፣ ምን በላችና? ምንም አልበላችም» አልኋቸው።

«ነግራኛለች። እንዳንቺ ያለ ሰው አላየሁም ብላኛለች። የተረፈው ለሚመጡቱ ይሁን። ሐምሌ ላይ ከኛ ዘንድ ገብስ አይገኝም፤ ያለው አሁን ነው።»

አቶ መልካሙ ከቢሮ ወጥተው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አያ በሪሁን» አሉ፣ «ቀለቡን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በጉባኤ ቆሜ ሰጠሁት።»

አያ በሪሁን መሬት መሬት እያዩ የአህያውን ጭነት መፍታት ጀመሩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ጆንያውን በዚያ በኩል ያዙልኝ።»

ሁለቱ ተሸክመው ማቆያዋ ውስጥ አስገቡት። በሚቀጥለው ክረምት የመጡት ሴቶች የበሉት ያንን ገብስ ነው። አቶ መልካሙ ዓመቱ ሳይሞላ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። ቀለቡ በጀት ላይ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመለስም የውባለምን ስም ያነሣ የለም።

ሚኒባሷ አዘዞ ስትደርስ ተሳፋሪው ገና ይከራከር ነበር። ከፊቴ ያለው ጎልማሳ ዞር ብሎ፣ «እናቴ፣ እርስዎ ዝም አሉሳ፤ የቱ ይቀነስ ይላሉ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አልሁት። «ከራሱ የቀነሰ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ።»

ትልቅ ባለሥልጣን ልጠራለት መስሎት ጆሮውን ሰጠኝ። «ማን ናቸው?»

«አያ በሪሁን። የውባለም አባት።»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ውባለም ማን ናት ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ወራጅ አለ ብዬ ወረድሁ፤ በሩ ተዘግቶ ወደ ጠዳ ሲሄዱ ክርክሩ ነዳጅ ይቀነስ ወደሚለው ተሻግሮ ነበር።