ጋሼ ስንት አመጡ?

የምሠራውን ሥራ ለዘመድ ማስረዳት ሁሌም ያስጨንቀኛል። ኮምፒውተር አንድን ፎቶ አይቶ፣ የሰው ዓይን በሚፈርድበት መንገድ ለጥራቱ ከመቶ ነጥብ እንዲሰጥ አስተምራለሁ። የሰው ዓይን አንዳንዱን ያልፋል፣ አንዳንዱን አያልፍም። ከኋላ ያለው ሣር ቢደበዝዝ ግድ የለውም፤ ፊት ላይ ያለች ትንሽ እንከን ግን ወዲያው ትቆረቁረዋለች። አባቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እና ዓይን ያለው ሰው ጠፍቶ ነው?» አለኝ።

ማሽኑ የሚማረው ሰዎች ከሰጡት ነጥብ ስለሆነ አዳማ ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ እያስቀመጥኩ ፎቶ አሳይቻለሁ። ነጥቡ ለምስሉ ጥራት እንጂ ምስሉ ውስጥ ላለው ነገር እንዳልሆነ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳለሁ። ማን ሰምቶኝ! ፊቷ የማይለይ ሙሽራ ሳሳያቸው «የሰው ሠርግ እንዴት ይነቀፋል?» ብለው መቶ ይሰጣሉ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ጥርት ያለ የጥሬ ሥጋ ፎቶ አሳይቻቸው ዜሮ ሰጡት። ጾም ነበር።

ማሽኑ እንዲህ ተምሮ ባደገበት ሰሞን ነው ወንጂ የሚኖሩት አክስቴ ያስጠሩኝ። ባለቤታቸው ጋሼ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ለሙት ዓመቱ ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል። ጋሼ ግን ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ነበሩ። የተረፈው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ሠርግ ላይ በስልክ የተነሳ፣ በቴሌግራም ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲንከራተት ብዥ ያለ።

«የልጅ ልጆቹ መልኩን እየረሱት ነው» አሉ አክስቴ። «አንተ የፎቶ ሐኪም አይደለህ? አድንልኝ።»

እኔ ትኩሳት ለኪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም ላፕቶፔን ከፍቼ ፎቶውን ለማሽኑ ሰጠሁት።

«ስንት አመጣ?»

«አሥራ አንድ።»

«ከመቶ? እሱ በሕይወቱ ወድቆ አያውቅም!» ብለው ተቆጡ።

አዳማ ተመልሼ ፎቶ በኮምፒውተር የሚያድስ ስቱዲዮ ወሰድኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይሄ ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚያ ብዥታ ውስጥ ቅንድብ ለቀመ፣ ሽፋሽፍት ለቀመ፣ የጋሼን የተሸረፈ የፊት ጥርስ ሳይቀር ሞላው። የእኔ ማሽን ዘጠና ስድስት ሰጠው። በኩራት በትልቁ አሳትሜ፣ በአንሶላ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስና በባጃጅ ወንጂ አደረስኩት።

አንሶላውን ስገልጠው፣ የጋሼ የልብ ወዳጅ የነበሩት ጎረቤት ጠጋ ብለው አዩና፣ «ኩን ኤኙ? ማነው ይሄ?» አሉ። የአክስቴ ልጅ ዜና አንባቢ መሰላት። አክስቴ እንግዳ ወንድ እንደገባባቸው ሁሉ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡ።

«በዚህ ዕድሜዬ ሌላ አገባች ልታስብለኝ ነው?»

አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ተናደድኩ። «እትዬ፣ ዘጠና ስድስት እኮ ነው ያመጣው!» አልኩ።

«ስንትም ቢያመጣ እኔ ምን አገባኝ? ያንን አምጣ» አሉኝ። ስልኬ ላይ የድሮውን ከፈትኩላቸው። የልጅ ልጆቹ ተሻምተው ተንጠላጠሉባቸው፤ ገና ከማየታቸው «አባባ!» እያሉ ጮኹ።

«እንዴት ለያችሁት? ፊቱ እኮ አይታይም» አልኩ።

አክስቴ ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ጠዋት ጠዋት፣ መነጽሬን ሳላደርግ ዞር ስል፣ ትራሱ ላይ የማየው እንዲህ ነበር» አሉ። «ይሄንኑ አሳድግልኝ።»

በሙት ዓመቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው አሥራ አንድ ያመጣው ነው። ሰው ገና ከበሩ «ወይኔ ጋሼ!» እያለ ገባ። ማነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም ከሰው ጋር ቆሜ አለቀስኩ።