ለሁሉ የሚነሣው ሂርጳ

ሂርጳ ነገሪ በላፍቶ፣ በቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ስኳርና ጨው መዛኝ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከባንኮኒው ኋላ ይቆማል። እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ኩፖን ስለማመሳክር በሩ በተከፈተ ቁጥር የማየው ጀርባውንና እግሩን ነው። ስለ እግሩ ከባለቤቱ ከገዲሴ ቀጥሎ የማውቅ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በ1974 ዓ.ም. ክረምት ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ሲታጠብ ግራ ባቱን አየሁት። የደም ሥሩ አብጦና ተጠማዞ ከጉልበቱ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ገመድ ተጋድሟል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆዳው ጠቁሮ ሳንቲም የምታህል ቁስል ወጥቶበታል።

«ይኼ ነገር ሐኪም አላየውም?» አልኩት።

«ድካም ነው። ወንድ ልጅ ቆሜ ዋልኩ ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ?»

እሺ ለማሰኘት ሁለት ወር ፈጀብን። በመጨረሻ ገዲሴና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን ክሊኒክ ወሰድነው። ድሬሰሩ አህመድ ባቱን ዳሰሰና፣ «ደሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ላይ መመለስ ግን አቅቶታል» አለ። «ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ከጣትህ ጀምረህ እስከ ጉልበትህ በሚለጠጥ ፋሻ ጠቅልለው። ተራመድ እንጂ አትገተር። ስታርፍ እግርህን ከደረትህ በላይ ስቀል። የሁለት ወር ፈቃድ ይሰጥሃል። በዚህ ጊዜ ካልደረቀ ግን መዛኝነቱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ቀላል ትእዛዝ መስሎን ነበር። ገዲሴ ጭድ የሞላ ጆንያ ከመደቡ ግርጌ አደረገችለት፤ እግሩን ሰቀለ። ችግሩ፣ ሂርጳ ታመመ ሲባል አገሩ ሁሉ ለጥየቃ መምጣቱ ነው። ሂርጳ ደግሞ ሰው ሲገባ ተኝቶ አይጠብቅም። «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል። «በእግዜር፣ ስሞትልህ አትነሣ» ሲሉት ይብስበታል። እንግዳው እስኪቀመጥ ይቆማል። ሊሄድ ሲነሣም እስከ አጥሩ በር ይሸኘዋል፤ እዚያም ስለ ዝናብና ስለ ከብት ግማሽ ሰዓት ቆመው ያወራሉ።

«እዚያ ስኳር ሲመዝን ይቆም ነበር፤ እዚህ ሰላምታ ሲመዝን ይቆማል» አለችኝ ገዲሴ። «ሱሪውን ደበቅኩበት። በጋቢ ተነሣ።»

እኔም ሞከርኩ። ሰው መምከር አይሆንልኝም፤ ግን ሞከርኩ።

«ሽማግሌ ሲገባ እግሬን ፊቱ ላይ ልሰቅል?» አለኝ። «አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይረግመኛል።»

«ይነሣ» አለች ገዲሴ ከጓዳ። «እሱን እንኳ እግሩን አያመውም።»

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ አህመድ ቁስሉን ለካው። ሰፍቷል። ፋሻውን ወለሉ ላይ ጥሎ፣ «እኔ የምጠቀልለው ለማን ነው?» አለና ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረ። ሂርጳ አንገቱን ደፋ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ።

በማግስቱ ገዲሴ ለማንም ሳትነግር የነፍስ አባታቸውን መምሬ ላቀውን ይዛ መጣች። እኔ መደቡ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሂርጳ እንደ ልማዱ ብድግ አለ።

«ተኛ» አሉት መምሬ። «እግርህን ስቀል። ይህ ቁስል እስኪደርቅ ድረስ ለማንም እንዳትነሣ ገዝቼሃለሁ።»

ሂርጳ ፊቱ ተለዋወጠ። «ለእርስዎም፣ አባቴ?»

«በተለይ ለእኔ።»

ግዝት ከተባለ በኋላ ሌላ ቃል የለም። ተኛ። በዚያው ሳምንት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ኦቦ ሮበሌ በዱላ ተደግፈው ገቡ። ሂርጳ እግሩ ጆንያው ላይ እንዳለ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ የመደቡን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ።

«ኦቦ፣ ንቄዎት አይደለም፤ ግዝት ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «ሂርጳ ተኝቶ ሳላይ አልሞትም ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወሬው ሲሰማ ጠያቂው እጥፍ ሆነ። ሂርጳ ለእያንዳንዱ ይቅርታ እየጠየቀ፣ እየተሳቀቀ ተኛ። ፈቃዱ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ቁስሉ ደረቀ። አህመድም፣ «የዳነው ቁስሉ ነው እንጂ የደም ሥሩ አይደለም፤ ከቆምክ ይመለሳል» ብሎ አስጠነቀቀው።

ሥራ በጀመረ ዕለት የሳሙና ሣጥን ከባንኮኒው ኋላ አደረግሁለት። ፋሻውን ከሱሪው ሥር ጠቅልሎ መጥቷል፤ ቢያንስ እሱን አልረሳም። ተቀምጦ መመዘን ጀመረ። ደስ አለኝ። ረፋዱ ላይ መምሬ ላቀው ከሰልፉ ፊት ደርሰው ኩፖናቸውን ዘረጉ። ሂርጳ ብድግ አለ።

«አትነሣ አላልኩህም?» አሉት።

«ቁስሉ ደርቋል እኮ፣ አባቴ።»

መምሬ ጥቂት አዩትና ኩፖናቸውን አጥፈው ወደ ሰልፉ ጅራት ተመለሱ፤ ልቦናው እስኪመለስ ሊጠብቁት ነበር መሰለኝ። ሂርጳ ግን ቄስ ቆሞ እንዴት እቀመጣለሁ ብሎ ተራቸው እስኪደርስ ቆሞ መዘነ። ቀኑ ሳሙናም የሚሸጥበት ስለነበር ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር። እኔ እግሩን እንዳላይ የክፍሌን በር ዘጋሁት።