የድንጋይ እፍኝና የፈረምኩበት ወረቀት

ባለቤቴ ሲሞት የቀበሌያችንን ወፍጮ የማስነሳት ሥራ ለእኔ ቀረ። አጠገቡ እየቆምኩ ስላየሁት ነው እንጂ ተምሬው አይደለም። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሜን እጽፋለሁ፣ ቁጥር አነባለሁ፣ ከዚያ ያለፈው ይከብደኛል። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚያያቸው ሰው አልነበረም። በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ ዕቃ ተበላሸ ማለት አንድ ሰው አበላሸው ማለት ነበር። የኅብረት ሱቁ ጠባቂ ስኳር እርጥበት ነክቶበት "አሻጥር ነው" ተብሎ ተወሰደ። ሚስቱ መናኸሪያ እየወጣች ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ስታይ ትውል ነበር። ስፈራ እሷ ትታየኛለች።

የድሮው ማስነሻ እጀታ ነበረው። እጀታውን ስንጫነው ሞተሩ ጓ ብሎ ይነሳና የሆሳዕና ከተማ መብራት ይደበዝዛል። ጤና ጣቢያው ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ ጮኸብን። በዚህ ምክንያት አዲስ ሳጥን መጣልን፤ ይዞት የመጣው ከአዲስ አበባ የተላከ ኤሌክትሪሺያን ነው።

"ሶፍት ስታርተር ይባላል እናቴ። ሞተሩን አያስደነግጠውም፣ እያባበለ ነው የሚያስነሳው" አለኝ።

"ለእኔም እንደሱ ያለ በተገኘ!" ስለው ሳቀ።

ክዳኑን ከፍቶ በካቻቢቴ የሚዞሩ ሁለት ትናንሽ ነገሮች አሳየኝ፤ ዙሪያቸው ቁጥር አለው። አንደኛው ሰከንድ ነው፤ ሞተሩ ከቆመበት ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ የሚሰጠው ጊዜ። አሥር ላይ አደረገው። ሁለተኛው ሲነሳ የሚሰጠው ጉልበት ነው። እሱን ሦስት ላይ አደረገው።

"ሰከንዱን ካስፈለገ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ጨምሪ። ጉልበቱን ግን ከግማሽ አታሳልፊ፤ ካሳለፍሽው ወደ ድሮው ተመለስን ማለት ነው። ቀይ መብራት ከበራ ሞተሩ ሞቋል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንዳትነኪው።"

አሥርና ሦስትን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኳቸው። ወፍጮውን ባዶውን አስነሳው፤ ሳይጮህ ቀስ ብሎ ተነሳ። የቀበሌው ሊቀመንበር አጨበጨበ። ሰውየው በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ።

ያልነገርነው ነገር ነበር። እኛ ዘንድ ወፍጮ ባዶውን አይነሳም። ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ አሸዋ ይወጣዋል፤ መጀመሪያ ያስፈጨችው ሴት ልጆቿን አሸዋ አበላች ማለት ነው። ስለዚህ ከተሰለፉት ሁሉ አንድ አንድ እፍኝ እህል ተሰብስቦ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ድንጋዩ ላይ ይፈስሳል። የድንጋይ እፍኝ እንለዋለን፤ ዱቄቱ ለዶሮ ነው። ይሄን ደግሞ ለኤሌክትሪሺያን ማን ይነግራል? የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለንም።

ሰውየው በሄደበት ቀን እፍኙን ሰብስቤ አፈሰስኩና ማስነሻውን ተጫንኩ። ሞተሩ እም አለ፤ አልዞረም። ቀዩ መብራት በራ።

ከሞርሲቶ ገብስ በአህያ ጭና የመጣች ሴት "ይሄም ጾም ያዘ እንዴ?" አለች።

"ተይው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አርፍዶ ነው የሚነሳው" አለች ሌላዋ። ተሳሳቁ።

ሊቀመንበሩ መጣ።

"ትናንት ደህና የነበረውን ማን ነካው?"

"ማንም አልነካውም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እንግዲያው ጉልበቱን እስከ መጨረሻው አዙሪው። ሕዝብ ተሰልፏል።"

"ከግማሽ አታሳልፊ ብሎኛል።"

"እሱ አዲስ አበባ ነው ያለው። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።"

ባዞረውና ሞተሩ ቢቃጠል ያቃጠለችው የኔ እጅ ናት። ባላዞረው እምቢ አልኩ ማለት ነው። "ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ" አልኩ።

"ቢበላሽስ?"

"እኔ አለሁ።" ከአፌ አመለጠኝ።

ወረቀት አውጥቶ ጻፈና አነበበልኝ። ሞተሩ ቢበላሽ ሆን ብዬ እንዳበላሸሁት ይቆጠራል ይላል። "ፈርሚ።" ስሜን ከደብተሬ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ያን ቀን ነው፤ ፊደሎቹ ተጣመሙብኝ።

ቀዩ መብራት እስኪጠፋ ሳጥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጋ አውልቄ ተጫንኩ። ሞተሩ ብቻውን ቀስ ብሎ ተነሳ። እሱ አልታመመም። ታዲያ ትናንት ያልነበረ ዛሬ ያለው ምንድነው? እፍኙ ነው። ያ የሚያባብል ጉልበት በእህል የተያዘ ድንጋይ አያዞርም።

መዘውሩን አዙሬ የላዩን ድንጋይ ከፍ አደረግሁትና እፍኙን ጠርጌ አወጣሁ። ሴቶቹ ተንጫጩ።

"አሸዋ ልታበይን ነው?" አለች የሞርሲቶዋ።

"ከፍ አድርጌዋለሁ፣ አይነካካም። ከተነሳ በኋላ እህሉን እለቅና ዝቅ አደርገዋለሁ።"

"አሸዋ ከሆነ አንቺ ነሽ የምትበይው!"

"እበላለሁ።"

ቺንጋውን መልሼ ተጫንኩ። ተነሳ፤ ግን ድንጋዩ ጥርስ ውስጥ የቀረ እህል ሳይዘው አልቀረም፣ ፍጥነቱ ሳይሞላ አሥሩ ሰከንድ አለቀና መጨረሻ ላይ ዘለል አለ። አቆምኩት። ሰከንዱ አልተከለከለም፤ በካቻቢቴ አሥራ አምስት ላይ አደረግሁት። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ስጫነው እስከ መጨረሻው ልስልስ ብሎ ሄደ። የወፍጮ ቤቱ መብራት ንቅንቅ አላለም። እህሉን ለቅቄ ድንጋዩን ዝቅ አደረግሁት። የሞርሲቶዋ ሴት ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ በጥርሷ አኘከችና "ይሁን" አለች።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩን ወረቀቴን ጠየቅሁት።

"ፋይል ገብቷል።"

"ሞተሩ እኮ ደህና ነው።"

"ነገ ቢበላሽስ?"

ወፍጮው ላይ እስካለሁ ድረስ በየማለዳው ከመጫኔ በፊት ያ ወረቀት ትዝ ይለኝ ነበር። ድንጋዩን ከፍ ማድረጌን ለማረጋገጥ መዘውሩን ሁለት ሦስት ጊዜ እነካካ ነበር። ሞተሩ አልተቃጠለም።

ደርግ ሲወድቅ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ተሰብሮ ወረቀቱ ሁሉ ገበያ ወጣ። ጨው ተጠቀለለበት፣ በርበሬ ተቋጠረበት። ቤት ስገባ እያንዳንዱን ፈትቼ እዘረጋለሁ፤ ንባቤ ቀርፋፋ ስለሆነ ልጆቼ ወጡ እስኪሠራ ይሰለቻሉ። የሰው ስም ብዙ አየሁ። የኔን የተጣመመ ፊደል ግን አላገኘሁትም። አሁንም የተጻፈበት መጠቅለያ ሳላነብ እሳት ውስጥ አልከትም።